የባቡሩ አፍንጫ

«ባቡሩ» የሚለውን ስም ያወጣችለት እህቱ ናት። እሱ የአስራ ስድስት፣ እሷ የሃያ ዓመት ልጅ ሳሉ የሁለቱን መኝታ የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነበር። ማንኮራፋቱ እንቅልፍ ቢነሳት አንድ ቀን ቁርስ ላይ፣ «አባባ፣ ባቡር በቤታችን መሀል ሲያልፍ አልሰሙም?» አለች። አባትየው ከሳቁ ብዛት ሻዩ ትን አላቸው። እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረሳና ዘመዱም ጎረቤቱም፣ በኋላም የሥራ ጓደኞቹ፣ ባቡሩ ይሉት ጀመር።

እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ሁለቱን ያሳደጉት አባትየው ብቻቸውን ናቸው። የሒሳብ መምህር ነበሩ። ቁጡ አልነበሩም፣ ልጆቻቸውንም መትተው አያውቁም። አንድ ነገር ብቻ አይታገሡም፤ እሱም መጠጥ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ሚስቱንም ሥራውንም ጉበቱንም ለመጠጥ ገብሮ እጃቸው ላይ ነበር የሞተው። ስለ እሱ ሲነሳ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ እንጂ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ቤታቸውም የመጠጥ ጠርሙስ ገብቶበት አያውቅም።

እህትየው ትምህርቱ ቀናትና በፋርማሲ ተመረቀች። ባቡሩ ግን መጽሐፍ ከፍቶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ግንባሩንና ከዓይኑ ሥር ያለውን አጥንት በጣቶቹ መጫን ይጀምራል።

«ፊቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ነው የሚመስለኝ» ይላል።

አባትየው የማያጠና ተማሪ የሚደረድረውን ሰበብ ሠላሳ ዓመት ሲሰሙ የኖሩ ናቸው። «እንግዲያው ያ ሰውዬ እስኪነሳልህ ድረስ ተራ ቁጥር ሦስትን ሥራ» ይሉታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ፈተናውን ወደቀ፤ ደግሞ ተፈተነና ደግሞ ወደቀ። በመጨረሻ ሶፋ የሚሠራ ሰው ዘንድ ገብቶ ሥራውን ለመደ።

በሶፋ ሥራ ግን እጁ ወርቅ ሆነ። ተበጫጭቆ የተጣለ ወንበር ያመጡለትና አጥንቱ እስኪቀር ይገፈዋል። ከዚያ ስፖንጁን ቆርጦ፣ ጨርቁን ወጥሮ፣ ማዕዘኑን አንድ መጨማደድ ሳያሳይ አጥፎ ሲጨርስ ባለቤቱ የራሱን ወንበር አያውቀውም። ወርክሾፑ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ያለው ክፍል ነበር። የስፖንጅ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ ይውላል። ማጣበቂያው ማስቲሽ አፉ በተከፈተ ቆርቆሮ፣ እጅ የሚታጠቡበት ቲነር ደግሞ በባልዲ ሁልጊዜ አጠገቡ ነው። እህቱ አንድ ቀን ጎራ ብላ ገና ከበሩ ዓይኗ አለቀሰ።

«ሽታው እንዴት አያስቸግርህም?» አለችው።

«የቱ ሽታ?» አላት።

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። በኋላ ነገሩ ሁሉ ከተገለጠ በኋላ ያቺን ሳቋን ስንት ጊዜ መለስ ብላ እንደሰማቻት እሷ ናት የምታውቀው።

እሷ የምትሠራበት ፋርማሲ ከአውቶቡስ ማቆሚያ ፊት ለፊት ያለ፣ ሰው የማይለየው ቤት ነበር። በጥንቃቄዋ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። የሕመም ማስታገሻ ለሚገዛ ሰው ሦስት ጥያቄ ሳትጠይቅ መድኃኒት አትሰጥም። አስም አለብዎት? ጨጓራስ ያምዎታል? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ጡረታ የወጡ አንድ ሾፌር፣ «ከዚህ ቤት ራስ ምታት ኪኒን ከመግዛት ፓስፖርት ማውጣት ይቀላል» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ግን ሌላ ቦታ ሄደው ገዝተው አያውቁም። ከጎኗ የምትሠራው ገንዘብ ያዥም የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ከመስማት ብዛት በቃሏ ይዛዋለች።

ባቡሩ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል። መሀረብ ከእጁ አይለይም። ሰልፍ አይዝም፤ በባንኮኒው ጫፍ በኩል ብቅ ሲል እህቱ ፊቱን እንኳ ሳታይ የአፍንጫ ጠብታውን ከመደርደሪያው ታወርድለታለች።

«ያንተ አፍንጫ እኮ ቧንቧ ነው። ጠብታ ሳይሆን ቧንቧ ሠራተኛ ነው የሚያስፈልግህ» ትለዋለች።

እሱም ይስቅና ይሄዳል። ጠብታው ከአምስት ቀን በላይ ሲወሰድ አፍንጫን መልሶ እንደሚደፍን ታውቃለች። ለሌላው ሰው ጣቷን እያወዛወዘች ታስጠነቅቃለች። ለእሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ሰጠችው። ወንድሟ ነዋ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ የሚታወቅ ነገር ምን ይጠየቃል?

አንድ ጊዜ ካርቶን እየፈታች ሳለ፣ «እታለም፣ ያ ባለፈው የሰጠሽኝ የራስ ምታት ኪኒን እኮ ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ» አላት።

«በባዶ ሆድህ ወስደኸው ነዋ።»

«በልቼ ነው የወሰድኩት። አፍንጫዬም ያኔውኑ ይወርድ ጀመር፤ ፊቴ ሁሉ ጋለ።»

«እሺ፣ ሌላ እሰጥሃለሁ» አለችና ካርቶኑን መፍታቷን ቀጠለች። በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አፈሰሰችው። በዚያ ቀን የደረሰው መድኃኒት ብዙ ነበር፤ ሰልፉም ረዥም ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ ባቡሩ እየባሰበት ሄደ። ዓይኑ ጠዋት ጠዋት ያብጣል፤ ድምፁ በአፍንጫው ስለሚወጣ የተኮላተፈ ይመስላል። ስምንት ሰዓት ተኝቶ ያልተኛ ሰው ሆኖ ይነሳል። ወርክሾፕ ውስጥ መቀስ እንደያዘ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ይዞት ሄደ፤ በሁለተኛው ጊዜ የወርክሾፑ ባለቤት አሰናበተው። ሊያገባት የነበረች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ያበሰለችለትን እየበላ «ጣፍጧል?» ስትለው «ደህና ነው» ይላታል፤ ሽቶ ተቀብታ ስትመጣም ልብ አይላትም። የምትናገረውን እየሰማ ዓይኑ ይከደናል። የማይወዳት መስሏት ተወችው። እሱም ለማስረዳት አልሞከረም፤ እሱ ራሱ የማያውቀውን ምን ብሎ ያስረዳል? ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቀነሰ፣ ጓደኞቹን ሸሸ። እሑድ እሑድ አባቱ ቤት ይመጣና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። በቤቱ ደጃፍ በሰው ሰው የሚያገኘውን ወንበር እየጠገነ ነበር የሚኖረው፤ ስለዚህም ማስቲሹና ቲነሩ ከልብሱ ላይ አይጠፉም። እሱ ስለማይሸተው ልብሱን ሳይቀይር ሰው መሀል ይገባል።

ያበጠ ዓይን፣ የተኮላተፈ ድምፅ፣ ሥራ ላይ መተኛት፣ የሚሰነፍጥ ሽታ። የእነዚህ ድምር ምን እንደሆነ ሰው ለመገመት ብዙ አልቸገረውም። አክስታቸው፣ የአባትየው እህት፣ ስታየው ከንፈሯን መምጠጥ ጀመረች።

የሆነው ሁሉ የሆነው በአንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። እህትየው ያኔ አግብታ ነበርና የባሏን ወላጆች አባቷ ቤት ጋበዘች። ሲያዘጋጁ ውለው፣ ጠረጴዛው ተዘርግቶ፣ ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ ባቡሩ ዘግይቶ ገባ። ሰላምታ ሲሰጥ አማቷ አፍንጫቸውን በመሀረብ ሲሸፍኑ እህትየው አየች። ምሳው ገና ሳይጋመስ ባቡሩ አገጩን ደረቱ ላይ ጣለና ማንኮራፋት ጀመረ። አንድ ሰው ሳቀ። የባሏ አባት በጨዋነት ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሳህን ይዛ ወደ ማድቤት ስትገባ አባቷ ተከትለዋት ገቡ። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንቺ የሕክምና ሰው ነሽ። ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?»

ብታስብበት ኖሮ አላውቅም ትል ነበር። ብታስብበት ኖሮ እስቲ ሐኪም ይየው ትል ነበር። ግን ፊቷ በኀፍረት እየነደደ፣ እጇ በሳሙና ውኃ እንደተነከረ፣ ቃሉ ከአፏ ወጣ።

«ምን እንደባበቃለን፣ አባባ። ይጠጣል።»

አባትየው መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። ብዙ ጊዜ ወለወሉት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጃቸውን ደጃፍ ድረስ ሸኙት። ምን እንዳሉት በዚያን ጊዜ እሷ አልሰማችም። በመስኮት ያየችው ባቡሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ሲል፣ አባትየው ራሳቸውን ሲነቀንቁና በሩ ሲዘጋ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ታጥቦና ተላጭቶ መጣ። ዓይኑ ግን ያው እንዳበጠ፣ ድምፁም ያው እንደተኮላተፈ ነበር። አባትየው ከደጅ መለሱት። ሦስት ጊዜ መጣ፤ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ከዚያ ቀረ።

ለሁለት ዓመት አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። እህትየው በመሀል ሆና ከዚያም ከዚህም ሰላምታ ታመላልሳለች። አንዳንድ ጊዜ «እውነት ይጠጣ ይሆን?» የሚል ሐሳብ ሽው ይልባታል። አንድም ቀን ሲጠጣ አላየችውም፤ በቤቱም ጠርሙስ አላየችም። ግን ቃሉ አንዴ ወጥቷል፤ ደግሞ እየቆየ ሲሄድ የተናገረችው ነገር ያየችው ያህል ሆነባት። አባትየው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋዜጣ እንደያዙ ወንበራቸው ላይ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሞቱ። ባቡሩ የደረሰው ከተገነዙ በኋላ ነው። ለቀስተኛው መሀል አፍንጫውን ሲጠራርግ አክስትየው ወደ ጎኗ ሰው ዘንበል ብላ፣ «ዛሬ እንኳ ቢተወው ምን ነበር» ስትል እህትየው ሰማች። ሰምታ ነጠላዋን አስተካከለች።

ከዚያ ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ ከምሳ በፊት፣ ባቡሩ ፋርማሲው ድረስ መጣ። ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ነበር።

«እታለም፣ ዛሬስ ራሴ ለሁለት ሊከፈል ነው። ጠንከር ያለ ነገር ስጪኝ።»

ከፊቱ አምስት ሰው ተሰልፏል። ኢቡፕሮፌን የተባለውን ማስታገሻ ከነውኃው አቀበለችውና «ቁጭ በል፣ እስኪለቅህ» ብላ ወደ ሰልፉ ተመለሰች። በሰልፉ መጀመሪያ ላይ የነበሩት እኚያ ጡረተኛ ሾፌር ናቸው፤ እሳቸውም ያንኑ መድኃኒት ነበር የፈለጉት። «አስም አለብዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ትናንትም አልነበረብኝ፣ ዛሬም የለብኝም» አሏት። ሁሉም ሳቁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ገንዘብ ያዥዋ ናት ያየችው። «ወንድምሽ ምን ሆነ?» አለች።

ባቡሩ ከአግዳሚው ላይ ተነስቶ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ቆሟል። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ከአፍንጫው ውኃ ይወርዳል። ትንፋሹን ሲያስገባም ሲያስወጣም እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል። ሊናገር ሞከረና ሁለት ቃል ላይ ቆመ። «ደረቴ... ያው...» አለ።

በዚያ ቅጽበት ያ የካርቶኑ ቀን ከነድምፁ መጣባት። ደረቴን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ያኔ ነግሯት ነበር። ከመደርደሪያው አስም ያለበት ሰው በአፉ የሚስበውን ኢንሄለር መዝዛ አፉ ውስጥ ጨመረች፤ እየቆጠረች ረጨችለት። ሾፌሩ ቀልዳቸውን ትተው መንገዱ መሀል ገብተው ታክሲ አስቆሙ። በታክሲው ውስጥ ራሱን ደረቷ ላይ አስደግፋ ይዛው ከንፈሩ ቀስ በቀስ ሲጠቁር አየች። ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ናት ድንገተኛ ክፍል የገባችው። እዚያ ያሉት ነርሶች ሐኪም መስላቸው፣ «ምንድነው የወሰደው?» አሏት።

«ኢቡፕሮፌን» አለች።

«ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

ኦክስጅን ተደረገለት፤ መርፌ በመርፌ ላይ ተወጋ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከንፈሩ ወደ መልኩ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሟ፣ ጠና ያለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ የራስ ቅሉን ፎቶ በመብራት ላይ ሰቅላ አሳየቻቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው የአየር ክፍተት በባቡሩ ፎቶ ላይ በሙሉ ግራጫ ነው። ከግንባር እስከ ጉንጭ አንድ ክፍት ቦታ የለም።

«ይህ የሳይነስ፣ የእነዚህ ክፍተቶች፣ መቆጣት ነው፤ ግን የወር የሁለት ወር አይደለም» አለች። «የሃያ ዓመት ያህል ነገር ነው የማየው። ውስጡ ፖሊፕ የምንለው ለስላሳ ሥጋ በቅሏል። ሽታ ይሸትሃል?»

ባቡሩ እህቱን አየና ወደ ሐኪሟ ተመለሰ። «ድሮ ይሸተኝ ነበር» አለ። «መቼ እንደቀረ አላስታውስም።»

«እንቅልፍስ?»

«እተኛለሁ፤ ግን አልጠግብም። ቀን ቀን ይጥለኛል።»

«ስሜትህስ እንዴት ነው? መደበት፣ ሰው መጥላት?»

ባቡሩን ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

ሐኪሟ በእስክርቢቶዋ ፎቶውን እየነካካች አስረዳች። አፍንጫና ሳንባ አንድ መንገድ ነው፤ የላዩ ሲቆጣ የታችኛው ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆጣል። ስለዚህ ያ ትንፋሽ ያሳጠረው አስም ከሳይነሱ ጋር የመጣ እንጂ ለብቻው የመጣ አይደለም። ፖሊፕ፣ አስምና እንዲህ ያሉትን ማስታገሻዎች አለመቻል በአንዳንድ ሰው ላይ ሦስቱ አንድ ላይ ይገኛሉ። አየር በደንብ የማይገባለት ሰው እንቅልፉ እንቅልፍ አይሆንም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ይደክማል፣ ይፈዛል፣ ሆድ ይብሰዋል። የወርክሾፑ ብናኝና ቲነርም ቢሆን አባብሶታል።

«ሰው ሲያይህ ሰነፍ ወይም ሰካራም ይልህ ይሆናል» አለች ሐኪሟ፣ ምንም ሳታውቅ። «አትዘንባቸው፤ ብዙ በሽተኞቼ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው።»

እህትየው ከቀሚሷ ላይ የሌለ ክር ትመዝ ጀመር። ቀና ማለት አልቻለችም።

ፖሊፑ በኦፕሬሽን ወጣ። ኢንሄለርና በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ተሰጠው። የማይወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝርም በወረቀት ተጽፎ ኪሱ ገባ። ከኦፕሬሽኑ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ እህቱ ቤት እያገገመ ሳለ ጠዋት ከክፍሉ ወጣና ማድቤት በር ላይ ቆመ። ባሏ ሽንኩርት እየጠበሰ ነበር።

«ሽንኩርት» አለ ባቡሩ።

«አዎ» አለ ባልየው፣ ሳይገባው።

«ሽንኩርት እኮ ነው» አለ እንደገና፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ ያሸታል። ሳሙና፣ የዘነበበት አስፋልት፣ የእህቱን ትንሽ ልጅ ፀጉር፣ አዲስ ጋዜጣ። ቤተሰቡ ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። ማንኮራፋቱ ስለቀነሰ ባሏ፣ «ባቡሩ ሐዲዱን ቀየረ እንዴ?» ይለዋል። ሳምንት ሙሉ ተኝቶ የጠገበ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል እህትየው ለመጀመሪያ ጊዜ አየች፤ ወንድሟ መልከ መልካም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ «የአባባን ቤት ቁልፍ ይዘሻል?» አላት።

«ምን ፈልገህ ነው?»

«እንዲሁ ልገባበት።»

አብረው ሄዱ። ቤቱ ሊከራይ ስለሆነ እሷ አስጠርጋዋለች፤ ግድግዳውም ተቀብቷል። ባቡሩ ቀጥ ብሎ ወደ አባታቸው መኝታ ቤት ገባና ቁም ሳጥኑን ከፈተ። ባዶ ነው። ልብሱን ሁሉ ለአረጋውያን መጦሪያ ሰጥታለች። ባቡሩ ጎንበስ ብሎ ራሱን ወደ ሳጥኑ ውስጥ አስገባና በረዥሙ ሳበ። ሌላውንም በር ከፍቶ ሳበ። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ሄደ፤ ጨርቁ ታጥቧል።

«ምን እየፈለግህ ነው?» አለችው፣ እያወቀች።

«ጠመኔና ያ የመላጫ ሳሙናቸው» አለ። «እቅፍ ሲያደርጉኝ የሚሸቱት። እያሰብኩት አልመጣ አለኝ። እዚህ ይኖራል ብዬ ነበር።»

«አጠብኩት። ሁሉንም አጠብኩት» አለች።

«ምን ታድርጊ፣ አታውቂ።»

ቀለም ብቻ ነበር የሚሸተው። እሷ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሟ ከተናገረችበት ቀን ጀምሮ ይዛው የቆየችው ነገር ከዚህ በላይ አልያዝላት አለ።

«ያን እሑድ እኔ ነኝ የነገርኳቸው» አለች። «ማድቤት ጠየቁኝ። ይጠጣል አልኳቸው። ሳላይ፣ ሳላጣራ። እንግዶቹን አፍሬ...»

ባቡሩ መሳቢያውን ወደ ቦታው እየመለሰ ነበር። ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ያን ቀን ደጃፍ ላይ ነገሩኝ። አልጠጣሁም ብዬ ስምል፣ ‹እህትህ የሕክምና ሰው ናት፣ ይህን አትስትም› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ለምን አልመጣህብኝም? ለምን አልሰደብከኝም?»

ባቡሩ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«አለመጠጣቴን አውቃለሁ» አለ። «ግን መድኃኒት አዋቂዋ አንቺ ነሽ። አንቺ በሽታ ካላልሽው በሽታ አይደለም ማለት ነው ብዬ አመንኩ። ሰው ሁሉ እንዲህ ደክሞት፣ እንዲህ ራሱን አሞት ነው ሥራ የሚሠራው፣ ልዩነቱ የኔ ስንፍና ነው ብዬ አመንኩ። አባባም ቢሆኑ ልክ ናቸው፤ ሰካራም ባልሆን የሚረባ ልጅም አልሆንኩም አልኩ። ምን ብዬ ልምጣብሽ?»

አልተቆጣም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላላትም። ትንሽ ቆይቶ ተነሳና መስኮቱን ከፈተ፤ የቀለሙ ሽታ ራስ ምታቱን ሊቀሰቅስበት ነበር።

በማግስቱ አክስቷ ቤት ሄደች። ሦስት ሌሎች ዘመዶችም ነበሩ። ቆማ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ አንድም ቀን እንዳልጠጣ፣ በሽታ እንደሆነ፣ ወሬውን የጀመረችው እሷ እንደሆነች። አክስትየው ከንፈሯን መጠጠች፤ ይህን ጊዜ ለማን እንደመጠጠችው አይታወቅም።

«ወንድሜ እንዲህ መሆኑን ሳይሰማ ሄደ» አለች አክስትየው። «ቅስሙ ተሰብሮ ነው የሄደ። ‹ወንድሜም በመጠጥ አለቀ፣ ልጄም አለቀ› ይለኝ ነበር።»

ይህንን እህትየው አላወቀችም ነበር። ወደ ቤቷ በእግሯ ተመለሰች፤ አራት የአውቶቡስ ማቆሚያ ያለፈችው ሳይታወቃት ነው።

አሁን ባቡሩ የራሱን ወርክሾፕ ከፍቷል። መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ጭንብል ሳያደርግ ስፖንጅ አይቆርጥም፤ ማስቲሹን ውጭ ነው የሚቀባው። ሐኪሟ ፖሊፑ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሊበቅል እንደሚችል ነግራዋለች፤ በየስድስት ወሩ ይታያል። ያቺ ልብስ ሰፊ ሌላ ሰው አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ ይጨባበጣሉ፣ ስለ ጤና ይጠያየቃሉ፣ ይለያያሉ። አንድ ቀን ግን ለእህቱ፣ «የምትቀባው ሽቶ እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን አላውቅም ነበር» አላት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ አንስቶ አያውቅም።

እሑድ እሑድ እህቱ ቤት ምሳ ይበላል። ልጇን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ግቢውን ይዞርና ከአማቶቿም ጋር ይቀልዳል። እሷ ሳህን እያነሳች በስርቆሽ ታየዋለች። ዓይኑ ንጹሕ ነው፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። አባቷ ይህን ፊት ለግማሽ ሰዓት፣ ለአንድ ምሳ ብቻ ቢያዩት ኖሮ ትላለች በሆዷ። አንድ ጊዜ ቢቆጣት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ጠረጴዛ መትቶ «አንቺ ነሽ» ቢላት፣ መልስ ይኖራት ነበር፤ ታለቅስ፣ እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። እሱ ግን «እታለም፣ ጨው አቀብዪኝ» ይላታል፤ ታቀብለዋለች።